ያልበሰለ ጥያቄና የመላሹ ዕዳ

ጥያቄን መመለስ የዕውቀት ሥራ ነው፤ የትኛው ጥያቄ መልስ ይገባዋል፣ የትኛውስ ሳይመለስ ቢታለፍ ነውር የለውም ብሎ መለየት ግን የፍርድ ሥራ ነው፤ ፍርድ የሚሰጥበት ጉዳይ ሁሉ ተበዳይ ሊኖረው ስለሚችል ይህም ከሥነ ምግባርና ከሃይማኖት ምርመራ ሊያመልጥ አይገባም። ከስብከት በኋላ በብጣሽ ወረቀት ተጽፈው የተሰበሰቡትን ጥያቄዎች እየገለጠ የሚነበበውን ከማይነበበው የሚለየው የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፣ ደረሳው ኪታቡን ዘርግቶ የሚያነሣውን ጥያቄ የሚያደምጠው ሼህ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጽሕፈት የሚያስተምረውና አንዱ ጥያቄ በተለያየ አፍ ደጋግሞ የሚቀርብለት አሠልጣኝ፣ ሁሉም በየፊናቸው ይህን ፍርድ ይሰጣሉ። ፍርዱ የሚጠነክረው ያልበሰለ፣ የተዛነፈ ወይም የስንፍና በሚባለው ጥያቄ ላይ ነው። ስለዚህ የሚመረመረው ነገር እንዲህ ሊቀመጥ ይችላል፦ ጥያቄ ሳይበስል ሲቀርብ ጉድለቱ የማን ነው? የጥያቄን በር የሚጠብቀውስ ሰው ለጠያቂው ምን ዕዳ አለበት?

ለዚህ ምርመራ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና አካባቢው የተመቸ ስፍራ ነው። በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ይህ ሰፈር ስሙን የወሰደው ዳግማዊ ምኒልክ ለፈረንሳይ መልእክተኞች ከሰጡት ሰፊ ግቢ ሲሆን፣ ከበላዩ የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ይነሣል። በተራራው ላይ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያምና እንጦጦ ራጉኤል አሉ፤ በየካ ኮረብታ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ፤ በኮተቤ በኩል ደግሞ ለአገሪቱ መምህራንን ሲያፈራ የኖረው የትምህርት ተቋም፣ ዛሬ የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው፣ ይገኛል። ጸበል ፈላጊው ሕመምተኛ፣ የአብነት ተማሪውና ኮድ መጻፍ የጀመረው ወጣት በአንድ ታክሲ ተሳፍረው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚጓዙበት አካባቢ ነው፤ የሦስቱም ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል ይመለሳል፤ ይኸውም «ይህ አይጠየቅም» የሚለው ቃል ነው።

አስቀድሞ መለየት የሚገባው በጥያቄው ላይ ያለው ጉድለትና በጠያቂው ላይ ያለው ጉድለት ነው፤ ሁለቱ አብረው ሊገኙ ቢችሉም አንዱ የሌላው ምስክር አይሆንም። የጥያቄ ጉድለት ማለት ጠያቂው የፈለገውን ነገር ቃሉ ሳይሸከመው ሲቀር፣ መልስ ለመስጠት የሚያስፈልገው ነገር ሲጎድል፣ ወይም ጥያቄው ራሱ ሐሰት በሆነ ግምት ላይ ሲቆም ነው። የጠያቂ ጉድለት ግን ሊያውቅ ሳይፈልግ መጠየቁ፣ ማለትም ሰውን ለማጥመድ፣ ጊዜ ለማሳለፍ ወይም ራሱ ሊደክምበት የሚገባውን ሥራ በሌላው ትከሻ ላይ ለመጣል መጠየቁ ነው። የመጀመሪያው ጉድለት በዓይን ይታያል፤ ሁለተኛው የልብ ነገር ነውና አይታይም። በመላሾች ዘንድ የሚደርሰው ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየውን ይዞ የማይታየውን ከመፍረድ የሚመጣ ነው፤ ጥያቄው ተወላግዶ ስለ ቀረበ ጠያቂው ሰነፍ ነው፣ ወይም ተንኮለኛ ነው፣ ወይም እምነት የለውም ይባላል።

የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ ፕላቶ «ሜኖን» በተባለው ድርሰቱ ለዚህ ጉዳይ መሠረት የሆነ ችግር አንሥቷል። ሜኖን ሶቅራጥስን የሚሞግተው፣ ሰው የማያውቀውን ነገር እንዴት ሊፈልግ ይችላል፣ ቢያገኘውስ የፈለገው እርሱ መሆኑን በምን ይለየዋል በማለት ነው። ፕላቶ ለዚህ የሰጠው መልስ ነፍስ አስቀድማ የምታውቀውን ታስታውሳለች የሚል ሲሆን፣ ይህን መልስ የማይቀበል ሰው እንኳ ችግሩን ሊሸሸው አይችልም። በደንብ ለመጠየቅ የመልሱን ግማሽ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጠያቂው ደግሞ የሚጠይቀው ያ ግማሽ ስለ ጎደለው ነው። ስለዚህ ጥያቄህን አጥርተህ አምጣ የሚለው ትእዛዝ፣ ምንም ያህል ተገቢ ቢመስል፣ ለብዙ ጀማሪ በራሱ አቅም የማይፈጸም ትእዛዝ ነው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የሚለው የአበው ብሂል ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ተናግሯል፤ ሊቅነት ከመጠየቅ በኋላ የሚመጣ ከሆነ የሊቅ ጥያቄ ከጀማሪ ሊጠበቅ አይችልም።

በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ይህን ጉዳይ እንደ ሉቃስ ወንጌል የመጀመሪያ ምዕራፍ አቅርቦ የሚያሳይ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። በአንዱ ምዕራፍ አንዱ መልአክ፣ ቅዱስ ገብርኤል፣ ለሁለት ሰዎች የልደት ብሥራት ያመጣል፤ ሁለቱም ይጠይቃሉ። ካህኑ ዘካርያስ እርሱ እንዳረጀ፣ ሚስቱም ዕድሜዋ እንደ ገፋ ጠቅሶ ይህን በምን እንደሚያውቅ ጠየቀ፤ ድንግል ማርያም ደግሞ ወንድ እንደማታውቅ ገልጻ ይህ እንዴት እንደሚሆን ጠየቀች። ሁለቱን ጥያቄዎች ከአፍ ወጥተው ብቻ የሚሰማ ሰው ልዩነታቸውን ለማየት ይቸገራል፤ ሁለቱም ተስፋውን ሰምተው ከሚያውቁት የተፈጥሮ ሕግ ጋር አልገጥም ብሏቸዋል፣ ሁለቱም የሚያግደውን ምክንያት ጠቅሰዋል። ዘካርያስ ግን ተገሥጾ ድዳ ሆነ፤ ማርያም መልስ ተሰጣት፤ መንፈስ ቅዱስ እንደሚጸልላት ተነገራት፤ ሳትጠይቅም የዘመዷ የኤልሳቤጥ መፅነስ እንደ ማስረጃ ተጨመረላት።

ሊቃውንት ልዩነቱን ሲያስረዱ ዘካርያስ ካህን እንደ ነበረ፣ አብርሃምና ሣራ በእርጅናቸው ይስሐቅን እንዳገኙ በመጽሐፍ ሲያነብ እንደ ኖረ፣ ስለዚህም የጠየቀው የሚያውቀውን ነገር ተጠራጥሮ እንደ ሆነ፣ ማርያም ግን ከዚያ በፊት ሆኖ ስለማያውቅ ነገር ሁኔታውን ለመረዳት እንደ ጠየቀች ይናገራሉ። ይህ ማስረዳት ለያዝነው ጉዳይ ሁለት ነገር ያበረክታል። አንደኛ፣ ጥያቄ የሚመዘነው ጠያቂው በእጁ ካለው ዕውቀት ጋር ተነጻጽሮ ነው፤ አንዱ ጥያቄ ከካህን ሲመጣ የሚያስወቅስ፣ ከገሊላ ብላቴና ሲመጣ የሚያስከብር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ይህን የለየው ከእግዚአብሔር የተላከ መልአክ ነው እንጂ ቃልን ብቻ የሚሰማ ሰው አይደለም፤ ስለዚህ ለሰው ልጅ መላሽ የሚቀረው ትምህርት የመልአኩን ተግሣጽ መቅዳት ሳይሆን እንዲህ ያለው ልዩነት ከዓይኑ እንደ ተሰወረ ማወቅ ነው። ከዚህም በላይ ሳይስተዋል የሚታለፍ አንድ ነገር አለ፤ ዘካርያስ የጠየቀው ምልክት ነበር፣ ድዳ መሆኑም ምልክቱ ሆነለት፤ ተስፋውም አልተወሰደበትም፣ ዮሐንስ ተወለደ፣ ስሙን በጻፈለት ቀን አንደበቱ ተከፈተ። የተገሠጸው ጠያቂ እንኳ መልሱን አላጣም። ተግሣጽና ከመልስ መባረር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ከዚህ በላይ ግልጽ ሆኖ አይጻፍም።

የኢትዮጵያ የአብነት ትምህርት ይህን መለየት በሥርዐት መልክ አቆይቶታል። አንድምታ በሚባለው የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ ማለትም ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን በየጉባኤያቸው አንድም፣ አንድም እያለ ምሥጢራቸውን በሚያበዛው ስልት ውስጥ፣ ተርጓሚው ወደ ማብራሪያው ሲሻገር ብዙ ጊዜ «ስለ ምን ቢሉ»፣ «እንዴት ነው ቢሉ» የሚል ቃል ያስቀድማል። ማን ነው ያለው? ስሙ አይጠራም። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በጉባኤው ተነሥቶ የጠየቀ ተማሪ ይሆናል፣ የመናፍቅ ክርክር ይሆናል፣ መምህሩ ራሱ የተማሪውን ልብ ገምቶ ያቀረበው ይሆናል። ዋናው ነገር ጥያቄው በትምህርቱ አካል ውስጥ ገብቶ መኖሩና ጠያቂው እንዳያፍር ስሙ መከደኑ ነው። መምህሩ ከተማሪው ቀድሞ ጥያቄውን ያበስልለታል፤ በጉባኤው ጥግ ተቀምጦ ያንኑ ሐሳብ በአፉ ሊያወጣው ያልቻለው ልጅ የራሱን ጥያቄ በየኔታ አንደበት ተቃንቶ ይሰማዋል። ይህ ጥበብ የትርጓሜ ስልት ብቻ ተደርጎ ሲጠና መቆየቱ ያሳዝናል፤ ለጠያቂ የሚደረግ ርኅራኄ ሥርዐት ሆኖ የቆመበት ስለ ሆነ በሥነ ምግባርም ዐይን ሊጠና ይገባው ነበር።

በቅኔ ቤትም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ቅኔ የሚማረው ልጅ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ደረጃ በደረጃ ሲወጣ፣ ቀኑን ቅኔ ሲቆጥር ውሎ የደረሰበትን በቀጥታ ለመምህሩ ከማቅረቡ በፊት በዕውቀት ለሚበልጠው ተማሪ፣ አስነጋሪ ለሚባለው፣ ያሰማል። አስነጋሪው በር ጠባቂ ነው፤ የመምህሩ ጊዜ በጥሬ ነገር እንዳያልቅ ይከላከላል፤ ነገር ግን ቤት ያልመታውን፣ አገባቡ የተፋለሰውን ቅኔ ሲሰማ ሥራው ልጁን ማሰናበት ሳይሆን የተሰበረበትን ቦታ ማሳየትና ማቃናት ነው። ትናንት ራሱ በዚያ ደረጃ ላይ ስለ ነበረ ስብራቱ የት እንደሚበዛ ያውቃል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዋድላም ሆነ በሌላው የቅኔ መንገድ ይህ የመካከለኛ እርከን ባይኖር ኖሮ አንድ መምህር ብዙ ደቀ መዝሙር ይዞ ሊያስተምር ባልቻለም ነበር።

አሁን ደግሞ አዲስ ዓይነት ተማሪ ተነሥቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን የኮድ ጽሕፈትና ተያያዥ ክህሎቶች ለማስተማር መርሐ ግብር ይፋ ካደረገ ወዲህ፣ ትምህርቱን በስልኩ ወይም በኮምፒውተር ቤት የጀመረው ወጣት ቁጥሩ ከፍ ብሏል። ኮድ ማለት ኮምፒውተሩ እንዲፈጽመው በተወሰነ ቋንቋ የሚጻፍ ትእዛዝ ሲሆን፣ ትእዛዙ ሳይሠራ ሲቀር ጀማሪው የሚያቀርበው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «አልሠራ አለኝ» የሚል ብቻ ነው። ምን እንዲሆን እንደ ፈለገ፣ ምን እንደ ጻፈ፣ ኮምፒውተሩ ምን ብሎ እንደ መለሰለት አይናገርም። እነዚህ ሦስት ነገሮች ሳይነገሩ መልስ መስጠት ስለማይቻል መላሹ መሰላቸቱ አያስወቅሰውም። ሆኖም የሚሰለቸው መላሽ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ምሳሌ አለ።

አንድ ጀማሪ በፒኤችፒ ወይም በሲ ቋንቋ «ሰላም» የሚለውን ቃል ርዝመት ኮምፒውተሩ እንዲቆጥርለት አዝዞ ዘጠኝ የሚል መልስ ቢያገኝ፣ ኮምፒውተሩ ለምን መቁጠር እንደ ተሳነው ይጠይቃል። ጥያቄው ለችኩል ጆሮ የሞኝ ጥያቄ ነው፤ ኮምፒውተር መቁጠር አይሳነውም፣ ልጁ አንድ ነገር ተሳስቶ ይሆናል ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ነገር ግን ልጁ አልተሳሳተም። የግዕዝ ፊደል የዓለም ጽሕፈቶችን በቁጥር በሚመዘግበው ዩኒኮድ በተባለው ሥርዐት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዩቲኤፍ 8 በተባለው የአጻጻፍ ዘዴ ደግሞ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ ባይት፣ ማለትም በኮምፒውተር ማኅደር አንድ የመለኪያ ክፍል፣ ሲያርፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ሰ»፣ «ላ» እና «ም» ሦስት ሦስት ባይት ሲይዙ ዘጠኝ ይሆናሉ፤ በተጠቀሱት ቋንቋዎች የተለመደው የመቁጠሪያ ትእዛዝ የሚቆጥረው ባይቱን ነው። ስለዚህ የልጁ ጥያቄ ፊደል ምንድን ነው፣ ኮምፒውተሩ የሚያየው ፊደሉን ነው ወይስ የፊደሉን ምልክት፣ መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች በመጀመሪያ ያሰቡት የማንን ጽሕፈት ነበር ወደሚሉ ጥልቅ ጉዳዮች በር ይከፍታል። የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የሚጠቀም ተማሪ በመጀመሪያ ቀኑ ይህን ጥያቄ ሊያነሣው አይችልም፤ ለእርሱ ባይቱና ፊደሉ እኩል ስለሚመጡ ችግሩ አይገለጥለትም። የአማርኛ ተናጋሪው ጀማሪ ግን ገና በሩ ላይ ይገናኘዋል። በተወላገደ ቃል፣ ምናልባትም በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው በእንግሊዝኛ፣ ስላቀረበው ጥያቄው ቢጣል ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም።

የእንጦጦ ጸበል ታሪክ ደግሞ ጉዳዩ ከትምህርት ቤት አልፎ የሕይወትና የሞት ነገር ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ጸበል በጸሎት የተባረከና ለፈውስ የሚጠጣ፣ የሚጠመቁበትም ውኃ ነው፤ በእንጦጦ ማርያም ጸበል ዙሪያ በርካታ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ቤት ተከራይተው ለረጅም ጊዜ ይቀመጡ ነበር። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነጻ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱ በደረሰበት ሰዓት በጸበልተኞቹ ልብ ውስጥ አንድ ጥያቄ ተወለደ፤ በጸበሉ እየታመነ መድኃኒት የሚውጥ ሰው እምነቱን አጉድሏል ወይ? ጥያቄው ለመጠየቅ የሚያስፈራ ነበር፤ መጠየቁ ራሱ እንደ ጥርጥር ሊቆጠር ይችላልና። አንዳንዱ ሳይጠይቅ መድኃኒቱን ተወ፣ አንዳንዱ ጠይቆ ሁለቱ አብረው አይሄዱም ተባለ፣ አንዳንዱም ደብቆ ይወስድ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑ በይፋ ተናገሩ፤ ከዚያ ወዲህ በየጸበሉ ቦታ መድኃኒት እየወሰዱ መጠመቅ እየተለመደ መጣ።

መድኃኒቱ ከመጣበት እስከዚያ ቃል ድረስ ሁለት ዓመት ያህል አልፏል። መልሱ በሥነ መለኮት አስቸጋሪ አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያን ሐኪሙን ወንጌላዊ ሉቃስን ስታከብር፣ የገዳማት ሊቃውንትም የመድኃኒት ዕፅዋትን ጥበብ በብራና ጽፈው ሲያቆዩ ኖረዋል። ያዘገየው ነገር ጥያቄው እንደ ጥያቄ ሳይሆን እንደ እምነት ማነስ ምልክት መሰማቱ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። እንግዲህ የዘካርያስንና የማርያምን ልዩነት መልአክ ባልሆነ ሰው ሚዛን መመዘን የሚያመጣው አደጋ ይህ ነው፤ የምትኖርበትን መንገድ የምትጠይቅ እናት እንደሚጠራጠር ካህን ተቆጥራ ዝም ትሰኛለች።

በእስልምና ትውፊትም ከዚህ ጋር እጅግ የሚቀራረብ ታሪክ አለ። በነቢዩ ሙሐመድ ዘመን ጭንቅላቱ የቆሰለ አንድ ሰው ሌሊት ገላን መታጠብ ግዴታ ሆነበት፤ በውኃ ፈንታ በአፈር መንጻት፣ ተየሙም የሚባለው፣ ይፈቀድለት እንደ ሆነ ጓደኞቹን ጠየቀ፤ እነርሱም አይፈቀድልህም ብለውት ታጠበና ሞተ። ነገሩ ለነቢዩ በደረሰ ጊዜ መላሾቹን እጅግ ገሠጹ፤ ካላወቁ ለምን እንዳልጠየቁ ተቆጥተው፣ የአለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ እንደ ሆነ አስተማሩ። በዚህ ሐዲስ ጠያቂው በምንም አልተወቀሰም፤ ወቀሳው ሙሉ በሙሉ በመላሾቹ ላይ ወደቀ። በወሎ መድረሳዎች የሚያድገው ደረሳ ይህን ሲማር የመላሽነትን ክብደት አብሮ ይማራል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ጥያቄ ሁሉ መልስ ይገባዋል ማለት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስና ለቲቶ ሲጽፍ ጠብን ብቻ ከሚወልዱ ሰነፍ ጥያቄዎች እንዲርቁ መክሯል፤ ቁርኣንም በማኢዳ ምዕራፍ ቢገለጡ ጠያቂዎቹን ስለሚያስከፉ ነገሮች እንዳይጠይቁ አማኞችን ያስጠነቅቃል። ክርስቶስ ራሱ በሄሮድስ ፊት በቀረበ ጊዜ ሄሮድስ በብዙ ቃል ቢጠይቀው አንዳች አልመለሰለትም። ይህ ዝምታ ሊስተዋል ይገባዋል፤ ምክንያቱም ያው ክርስቶስ ስለ ቄሣር ግብር ሊያጠምዱት ለመጡት፣ ሰባት ወንድማማች ስላገባች ሴት በማፌዝ ለጠየቁት ሰዱቃውያን እንኳ መልስ ሰጥቷል። ወጥመዱን ከመለሰ በሄሮድስ ፊት ለምን ዝም አለ? ወንጌሉ ሄሮድስ ተአምር ለማየት ይመኝ እንደ ነበረ ይናገራል፤ ትዕይንት ፈላጊ ነበር፣ መልሱ ምንም ቢሆን የሚለውጠው ነገር አልነበረም። በወጥመዶቹ ዙሪያ ግን የሚሰማ ሕዝብ ነበረ፤ ጠያቂው ክፉ ቢሆንም መልሱ ለሰሚው ይጠቅማል። ከዚህ ተነሥቶ ጥያቄን ሳይመልሱ ማለፍ የሚገባው መልሱ ጠያቂውንም ሰሚውንም የማይጠቅም ሲሆን ነው ቢባል፣ ጥያቄው የተጻፈበት አማርኛ ወይም የጠያቂው ደረጃ ከሚሰጠው መለኪያ የተሻለ መለኪያ ይገኛል።

የመላሹም ጊዜ ቸል የሚባል ነገር አይደለም። አንድ አሠልጣኝ «አልሠራ አለኝ» ለሚለው ሁሉ ግማሽ ሰዓት ቢሰጥ ብዙ ደክሞ ጥያቄውን ያጠራው ተማሪ ሳይደርሰው ይመሻል፤ ለሰነፉ ቸር መሆን ለትጉው ግፍ ይሆናል። ስለዚህ ማጣራት ራሱ ከፍትሕ የሚመነጭ ግዴታ ነው፤ ሊወቀስ የሚገባው ማጣራቱ ሳይሆን ምክንያቱን ሳይናገሩ ማጣራት ነው። «ይህ አይጠየቅም» የተባለ ሰው ሦስት ነገሮች ሊሰማ ይችላል፦ ጥያቄህ ስፍራው እዚህ አይደለም፣ ጥያቄህ አልተሟላም፣ አንተ ከእኛ አይደለህም። ምክንያቱ ካልተነገረው ሦስተኛውን ይመርጣል፤ ሰው ሲያፍር ለራሱ የሚመርጠው ትርጉም ሁልጊዜ ከሁሉ የከፋው ነውና።

ጥያቄን በሥልጣን መዝጋት ምን እንደሚያስከትል የአገሪቱ ታሪክ አስተምሯል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው፣ የክርስቶስ ሥጋ በምን ከበረ ለሚለውና ለረጅም ዘመን ሊቃውንቱን ለከፈለው ጥያቄ ውሳኔ አሰጡ። በተዋሕዶ ከበረ የሚለው ትምህርት ጸና፤ በሸዋ ሰፊ ተከታይ የነበረው በጸጋ ከበረ የሚለውና ሦስት ልደት የሚባለው ተወገዘ፤ አንገራገሩ የተባሉትም ተቀጡ። የውሳኔውን ሃይማኖታዊ እውነት መመርመር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን የምትታወቅበት እምነት ነውና። የሚመረመረው የአዘጋጉ መንገድ ነው። በምኒልክ ግዛት ብዙ ሊቃውንት አንደበታቸውን በንጉሥ ቃል ዘጉ፤ በክርክር የተረታው ሰውና በቅጣት ፍርሃት ዝም ያለው ሰው ግን በአንድ ጉባኤ ጎን ለጎን ቢቀመጡም አንድ ዓይነት ምእመን አይደሉም። ለዚሁ ጥያቄ ሌላ መልስ የነበረው የቅባት ትምህርት ጉዳይ በምሥራቅ ጎጃም እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ መነሣቱም የተዘጋ ጥያቄ ሁሉ የተመለሰ ጥያቄ እንዳልሆነ ያስረዳል።

በሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ የሚነበበው ሐሳብም ከዚህ ጋር ይገናኛል። ድርሰቱ የአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ወይስ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ላይ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው ካፑቺን ያዘጋጀው ነው የሚለው ክርክር ጣሊያናዊው ተመራማሪ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ካነሣው ጊዜ ጀምሮ አልተቋጨም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሳምነር ለኢትዮጵያዊነቱ ብዙ ደክመዋል። ጸሐፊው ማንም ይሁን፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰው በአክሱም ሲያስተምር ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብጾች እንዲህ ይላሉ እያለ ሁለቱንም ወገን ያቀርብ ስለ ነበር ሁለቱም ጠሉት። ጥያቄን ክፍት አድርጎ መያዝ ዋጋ እንደሚያስከፍል መጽሐፉ አይሰውርም፤ በር ጠባቂዎችም አንዳንዴ ጥያቄ የሚዘጉት ከክፋት ሳይሆን ይህን ዋጋ ከመፍራት ነው።

በዋሻ ሚካኤል ደጃፍ የሚቆም ሕፃን ይህን ማን ሠራው፣ መቼ ሠራው ብሎ ቢጠይቅ፣ ትውፊቱ ወደ አብርሃና አጽብሓ ዘመን ሲመልሰው ተመራማሪዎች ደግሞ ብዙ መቶ ዓመታት ወደዚህ ያቀርቡታል፤ በሕፃን አፍ የተጠየቀው ቀላል ጥያቄ የሊቃውንትን ጉባኤ የሚያከራክር ነው። ጥያቄው በጠያቂው ዕድሜ ቢመዘን ኖሮ «ዝም በል፣ ጸሎት ነው» ተብሎ በታለፈ ነበር፤ ብዙ ጊዜም እንዲሁ ይባላል።

በፈረንሳይ ለጋሲዮንና በእንጦጦ ዙሪያ ባሉ አጥቢያዎች የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች፣ በኮተቤና በየኮምፒውተር ማሠልጠኛው ያሉ መምህራን፣ በየመስጊዱ የሚያስተምሩ ሼሆች ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ተጨባጭ ነገር አለ። ከጉባኤ በኋላ የማይነበቡት ብጣሽ ወረቀቶች ይጣላሉ፤ የማይመለሱት የተማሪ ጥያቄዎች ይረሳሉ። እነዚህ ወረቀቶች መጣላቸው ቀርቶ በአንድ መዝገብ ቢገለበጡ፣ ያለ ጠያቂው ስም፣ ያልተመለሱበትም ምክንያት በአንድ መስመር ቢጻፍባቸው፣ በወር አንድ ጊዜም ከመምህሩ ዝቅ ያለ፣ ከጠያቂው ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ያለ ተማሪ አስነጋሪው በቅኔ ቤት እንደሚያደርገው እያቃና ለጉባኤው ቢያቀርባቸው፣ ሥራው የሚጠይቀው አንድ ደብተርና አንድ ትዕግሥተኛ ሰው ብቻ ነው። የጥያቄን በር የሚጠብቅ ሁሉ በዚህ ወር ካሳለፋቸው ጥያቄዎች አምስቱን መልሶ እንዲያነብና ከእያንዳንዱ ጎን ለምን እንዳሳለፈው እንዲጽፍ ይህ ጽሑፍ ይጠይቃል፤ ምክንያት ሊጽፍለት ያልቻለውን ጥያቄም ፈልጎ ለባለቤቱ ይመልስለት።